ጀርመን ውስጥ የተሠራችው ለንደን፦ የኤድጋር ዋላስ የግድያ ፊልሞች

ጀርመኖች ስለ ግድያና ስለ ምርመራ የሚያወሩ ልብ ወለዶችንና ፊልሞችን «ክሪሚ» ይሏቸዋል። ከድሮዎቹ ክሪሚዎች መካከል ሕዝቡ በጣም የወደዳቸው ደግሞ በእንግሊዛዊው ደራሲ በኤድጋር ዋላስ ስም የወጡት ናቸው። ሪያልቶ የሚባለው የፊልም ድርጅት ከ1959 እስከ 1972 ባለው ጊዜ 32 ፊልሞችን ሠርቷል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ ለንደን ውስጥ ነው፤ መርማሪዎቹም የስኮትላንድ ያርድ፣ ማለትም የለንደን ፖሊስ፣ ሰዎች ናቸው። ተዋንያኑ ግን በጀርመንኛ ነው የሚያወሩት፣ ቀረጻውም በአብዛኛው ሃምቡርግና ምዕራብ በርሊን ውስጥ ነበር።

ይህን የሰማ ሰው ርካሽ ማስመሰል ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እኔ በፍጹም አልስማማም። የእነዚህ ፊልሞች ትልቁ ሀብት ይቺው የፈጠራ ለንደን ናት። ከመዝገብ የወጡ ጥቂት የእውነተኛዋ ለንደን ምስሎች ይታያሉ፣ ከዚያ ጭጋጉ ይወርዳል፣ የሃምቡርግ ወደብ የቴምዝ ዳርቻ ይሆናል፣ እዚያው አካባቢ ያለው የአሬንስቡርግ ቤተ መንግሥት ደግሞ የእንግሊዝ ባላባት ርስት ሆኖ ቁጭ ይላል። እንዲህ ያለች ከተማ የትም የለችም። ለዚህም ነው ማንኛውም ነገር ሊደረግባት የሚችለው።

ዋላስ በ1875 ለንደን ተወለደ፣ በ1932 የ«ኪንግ ኮንግ»ን የፊልም ጽሑፍ እየሠራ ሳለ አሜሪካ ውስጥ ሞተ። ከ170 በላይ ልብ ወለዶች እንደጻፈ ይነገራል። ጀርመኖች ከ1920ዎቹ ጀምሮ ያውቁታል፤ የጎልድማን ማተሚያ ቤት መጻሕፍቱን እያስተረጎመ ያወጣ ነበር፣ ቀይ ሽፋን ያላቸው ርካሽ ቅጂዎቹም በየቤቱ ገብተዋል። ስለዚህ ፊልሙ ሲመጣ አንባቢው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ጀማሪው ግን ጀርመናዊ አልነበረም። ፕሬበን ፊሊፕሰን የተባለ ዴንማርካዊ ፕሮዲውሰር ነው በ1959 «ጭምብል ያጠለቀው እንቁራሪት»ን ያሠራው፣ አብዛኛውንም ዴንማርክ ውስጥ። ዳይሬክተሩ ሃራልድ ራይንል ነበር። ፊልሙ ተሳካለት፣ ሌላው ተከተለ፣ ቀጥሎም ሆርስት ቬንትላንት የሚባለው ፕሮዲውሰር ሥራውን ይዞ ወደ ትልቅ ተከታታይነት አሳደገው።

አካሄዱን አንዴ ያየ ሰው ቶሎ ይለምደዋል። ጭምብል ያደረገ ወይም ፊቱ የማይታይ ገዳይ አለ። ትልቅ ውርስ እንዳላት የማታውቅ ወጣት ሴት አለች። ፈጣንና ጨዋ መርማሪ አለ፣ ብዙ ጊዜ ዮአኪም ፉክስበርገር ወይም ሃይንትስ ድራኸ። ኤዲ አረንት ያስቃል። ዚግፍሪድ ሹረንበርግ የስኮትላንድ ያርዱ አለቃ ሰር ጆን ሆኖ ይቆጣል። ክላውስ ኪንስኪ ደግሞ ገና በሩ ላይ ብቅ ሲል ሁሉም ይጠረጥረዋል፣ ብዙ ጊዜ ግን ዋናው ገዳይ እሱ አይደለም፤ ፊልሞቹ ተመልካቹን የሚያሳስቱበት ጥሩ ዘዴ ነው። ከዚህ ቤት ወጥተው ዓለም ያወቃቸውም አሉ፦ በ1961 «አረንጓዴው ቀስተኛ» ውስጥ የተጫወተው ጌርት ፍሮበ ከ3 ዓመት በኋላ የጄምስ ቦንድ ባላጋራ ጎልድፊንገር ሆነ፣ ተዋናይቷ ካሪን ዶር ደግሞ በ1967 የቦንድ ፊልም ውስጥ ገብታለች።

ለእኔ የሁሉም ቁንጮ ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ፎረር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቀኝ እጁን አጥቷል። ከ32ቱ ውስጥ 14ቱን የሠራው እሱ ሲሆን የመጀመሪያው «የለንደን ሙት ዓይኖች» (1961) ነበር። ጭጋጋማ በሆኑ ሌሊቶች የሕይወት መድን የገቡ ሀብታም ሽማግሌዎች ከቴምዝ ወንዝ ሞተው ይገኛሉ፤ ፖሊስ ዓይነ ስውራን ያሉበትን የወንበዴ ቡድን ይጠረጥራል። ታሪኩ ያረጀ ሊመስል ይችላል፣ አቀራረጹ ግን ዛሬም አያረጅም። ፎረር ካሜራውን ማንም የማያስበው ቦታ ያስቀምጠዋል፣ ብርሃኑን ይቆራርጠዋል፣ ፊትን በድንገት ያቀርበዋል። በኋላ የሙዚቃ ደራሲው ፒተር ቶማስ ተጨመረ፤ ተኩሱን፣ ጩኸቱን፣ የኤሌክትሮኒክስ ድምፁን ከጃዝ ጋር ቀላቅሎ ሌላ ቦታ የማይሰማ ሙዚቃ ሠራ። የብዙዎቹ አጀማመርም የታወቀ ነው፦ ጥይት ይተኮሳል፣ ደም ይረጫል፣ ከዚያ የፎረር ድምፅ «ሄሎ፣ ኤድጋር ዋላስ ነኝ» ይላል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ሆኖ እንኳ የርዕሱ ጽሑፍ በቀለም የሚወጣባቸው አሉ።

ሕዝቡ ለምን እንዲህ ወደዳቸው? በ1962 የወጣውን «በቴምዝ ዳር ያለው ማረፊያ ቤት» ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል። ገዳዩ «ሻርኩ» ይባላል፣ የሚገድለውም በዓሣ መውጊያ ጦር ነው። የእኔ እምነት ይህ ነው፦ ጦርነቱ ካለቀ ገና 14 ዓመት ነበር ተከታታዩ ሲጀመር። በርሊን ላይ ስለ ገዳይና ስለ ፖሊስ ማውራት ብዙ የሚያም ነገር ይቀሰቅሳል። ለንደን ላይ ግን ሰው ሳይሸማቀቅ መፍራት ይችላል።

ቴሌቪዥኑም ዝም አላለም። በ1962 «ሻሹ» የተባለው ተከታታይ የግድያ ድራማ ሲተላለፍ መንገዱ ጭር ይል ነበር። እዚህም መርማሪው ሃይንትስ ድራኸ ነው። ኮሜዲያኑ ቮልፍጋንግ ኖይስ ገዳዩ ማን እንደሆነ ገና ሳያልቅ በጋዜጣ ማስታወቂያ ሲያወጣ አገር ተቆጣ። ተፎካካሪ ፕሮዲውሰሮችም ተነሱ፤ አርቱር ብራውነር የዋላስን ልጅ የብራያንን ስም ይዞ የራሱን ፊልሞች አወጣ።

የመጀመሪያው ባለ ቀለም በ1966 መጣ፣ «የሶሆው ጎባጣ»። በቀጣዩ ዓመት ቀይ ቀሚስ የለበሰ መነኩሴ በጅራፍ የሚገድልበት ፊልም ተሠራ። ቀለሙ ደስ ይላል፣ ጭጋጉ ግን ጠፋ፤ የድሮው ፍርሃትም አብሮት ሄደ። ተመልካቹ እየቀነሰ ሲመጣ ሪያልቶ ከጣልያኖች ጋር መሥራት ጀመረ። የመጨረሻው ፊልም፣ የ1972ቱ፣ ዳይሬክተሩ ጣልያናዊው ኡምቤርቶ ሌንሲ ነው። ጣልያኖቹ በዚያው ጊዜ ጓንት ባጠለቀ ገዳይ የታወቀውን ጃሎ የሚባለውን የራሳቸውን ዘውግ እያሳደጉ ነበርና የዋላስ ፊልሞች ለእሱ መንገድ ከጠረጉት መካከል ይቆጠራሉ።

ፊልሞቹ በጀርመን ቴሌቪዥን ደጋግመው ታይተዋል። በ2004 የወጣው አስቂኝ ፊልም በእነሱ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በ2007 ተከታዩ ላይ ፉክስበርገር ራሱ በስተርጅና ተጫውቷል።

ለማየት ያሰበ ሰው በ«የለንደን ሙት ዓይኖች» ይጀምር። ቀጥሎ የ1964ቱን «ዴር ሄክሰር» («ጠንቋዩ») ይመልከት፤ እህቱ የተገደለችበት፣ መልኩን እንደፈለገ የሚቀያይር ሰው ለበቀል ወደ ለንደን ሲመለስና ፖሊስ ማን ማን እንደሆነ ሲጠፋበት። ሁለቱንም በጀርመንኛው፣ ከነግርጌ ጽሑፉ።