ሳይንስ ያጠኑ የፍትሐ ብሔር ጠበቆች በጅማ

ሳይንስ ያጠና የፍትሐ ብሔር ጠበቃ የሚባለው ወደ ሕግ ሙያ ከመግባቱ በፊት በግብርና፣ በኬሚስትሪ፣ በጤና ወይም በምህንድስና ሰልጥኖ፣ በኋላ በውል፣ በካሳ፣ በንብረትና በመሳሰሉት ክርክሮች ደንበኞቹን ወክሎ ችሎት የሚቆም ባለሙያ ነው። በእንግሊዝ ሙያው ለሁለት የተከፈለ በመሆኑ፣ ባሪስተር በዋናነት በችሎት ይከራከራል፤ ሶሊሲተር ደግሞ ደንበኛውን ተቀብሎ ጉዳዩን ያዘጋጃል። በዚያ አገር በሌላ ትምህርት የተመረቀ ሰው የአንድ ዓመት የሕግ መሸጋገሪያ ትምህርት ተከታትሎ ወደ ባሪስተርነት ሥልጠና መግባት ስለሚችል፣ በጠበቆች መካከል የኬሚስትሪና የፊዚክስ ምሩቃን ማግኘት የተለመደ ነው። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ክፍፍል የለም። አንዱ ጠበቃ ክሱን ያረቃል፣ ማስረጃ ያሰባስባል፣ ችሎት ይቆማል፣ ሲያስፈልግም ይግባኝ ይላል። የመደበኛው የሕግ ዲግሪ ትምህርት 5 ዓመት የሚወስድ ስለሆነ፣ ከሳይንስ ወደ ሕግ የሚሻገር ሰው ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ ረጅም ጉዞ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ በዚህ መንገድ የሚመጡት ጥቂት የሆኑትም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ይመስላል።

ጅማ ለእንዲህ ዓይነቱ ጠበቃ ከብዙ የአገሪቱ ከተሞች ይልቅ የተመቸች ናት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 የግብርና ትምህርት ቤት፣ በ1983 ደግሞ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተከፍቶባታል፤ የአሁኑ ጅማ ዩኒቨርሲቲም በ1999 የተመሠረተው እነዚህ ሁለት ተቋማት ተዋህደው ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ከጥንስሱ የግብርናና የሕክምና ቤት ነበር፤ የሕግ ትምህርት ቤቱ የተጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ መልኮ ላይ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የአገሪቱ የቡና ምርምር ዋና መቀመጫ ሆኖ ቆይቷል።

ሕጉ ራሱ ለሳይንስ ቦታ ሰጥቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 የሙያ ጥፋትን ሲደነግግ፣ አንድ ባለሙያ በጥንቃቄ ጉድለት ወይም በቸልተኝነት ተግባሩን በግልጽ አለማወቁን የሚያሳይ ጥፋት ሲሠራ ኃላፊ እንደሚሆን ይገልጻል፤ መለኪያው ደግሞ የሳይንስ እውነቶችና የሙያው ተቀባይነት ያላቸው ደንቦች ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ምርመራ የሚጠይቅ ነገር ሲያጋጥመው ልዩ አዋቂ መሾም እንዲችል ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ልዩ አዋቂ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ጥያቄው በትክክል ካልተቀረጸ መልሱ የቱንም ያህል ጥልቅ ቢሆን ለፍርድ አይጠቅምም፤ የሳይንስ ዕውቀት ያለው ጠበቃ ትልቁ ጥቅም የሚታየውም ክሱና የመከላከያ መልሱ ተነጻጽረው ጭብጥ፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ የሚወስንበት አከራካሪ ነጥብ፣ በሚመሠረትበት ጊዜ ነው።

ይህን ከቡና በተሻለ የሚያሳይ ነገር በጅማ የለም። የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ተመርጠው ለገበሬው ተሠራጭተዋል፤ 74110 እና 74112 የሚባሉት ከእነዚህ መካከል ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሐዞች የተመረጡበትን 1974ን ያመለክታሉ። እንግዲህ አንድ ገበሬ በሽታ የሚቋቋም ዝርያ ነው ተብሎ ችግኝ ገዛ እንበል። ቡና ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ስለሚፈጅበት፣ ገበሬው ጉድለቱን የሚያየው ውሉ ከተፈጸመ ብዙ ቆይቶ፣ አረንጓዴው ፍሬ ላይ ጥቁርና ጎድጎድ ያለ ቁስል ሲወጣ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ጥያቄዎች ይነሳሉ፦ ችግኙ በእርግጥ የተባለው ዝርያ ነው ወይ? ፍሬውን ያጠቆረውስ ይኸው በሽታ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት? በሽታውን የሚያመጣው ኮሌቶትሪከም ካሃዌ የሚባል ፈንገስ ሲሆን፣ በቡና ላይ የሚኖሩ ሌሎች የኮሌቶትሪከም ዝርያዎች ስላሉ በዓይን ብቻ አይቶ መለየት ያስቸግራል፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ አሳድጎ ማየት ያስፈልጋል። ከዕፅዋት ሳይንስ የመጣ ጠበቃ ክሱን ከመጻፉ በፊት ናሙና ያስወስዳል፤ ናሙናው በላስቲክ ታፍኖ ሌላ ሻጋታ እንዳያበቅል በወረቀት ከረጢት እንዲቀመጥ፣ ማን ከየትኛው ዛፍ በየትኛው ቀን እንደለቀመው እንዲመዘገብ፣ ከተቻለም ሻጩ ባለበት እንዲወሰድ ያደርጋል። የሽያጭ ሕጉ ገዢው ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ስለሚጠይቅ፣ የጽሑፍ ማስታወቂያውም ከናሙናው ጋር አብሮ መሄድ አለበት። የመልቀሚያው ወቅት ካለፈ በኋላ የሚመጣ ጠበቃ የሚያገኘው የሰው ምስክርነት ብቻ ነው።

የወንዝ ብክለት ክርክርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እርጥብ ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች የሚለቁት ውኃ ከእሸቱ የወጣ ስኳርና ልጋግ ስለሚይዝ፣ ረቂቅ ተሕዋስያን ይህን ሲያብላሉ በወንዙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ከታች ያለው ሰውና ከብት የሚጠጣው ውኃ ይበላሻል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። መብቱ ሰፊ ቢሆንም ማስረጃው ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኦክስጅን ፍጆታ ምርመራው ናሙናውን በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ5 ቀን አቆይቶ የሚለካ በመሆኑ፣ ናሙናው በቅዝቃዜ ተይዞ በቶሎ ቤተ ሙከራ መድረስ አለበት፤ ከጣቢያው በላይና በታች በአንድ ቀን ካልተወሰደ ደግሞ ተከሳሹ «ውኃው ከላይም ቆሻሻ ነበር» ብሎ ይረታል። ይህ መከራከሪያ ብዙ ጊዜ እውነት ሊሆን ስለሚችል፣ ሐቀኛ ጠበቃ ለደንበኛው አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል።

በሕክምና ጥፋት ክሶች ከጤና ሙያ የመጡ ጠበቆች የታካሚውን ካርድ ራሳቸው ማንበብ ይችላሉ፤ የመድኃኒት መጠንና የተሰጠበት ሰዓት ከሕመሙ ሂደት ጋር መጣጣሙን ያያሉ። ከውል ውጭ በደረሰ ጉዳት ላይ የተመሠረተ የካሳ ጥያቄ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ ስላለበት፣ ክስ የማያዋጣውን ጉዳይ በጊዜ ለይቶ ቤተሰቡን ከከንቱ ወጪ ማዳንም ከሥራቸው ይቆጠራል።

ሙያው ወሰን አለው። ጠበቃው የቱንም ያህል ቢያውቅ በያዘው ጉዳይ ምስክር መሆን አይችልም፤ ዕውቀቱ ለችሎቱ የሚደርሰው በዋና ጥያቄና በመስቀለኛ ጥያቄ በኩል ብቻ ነው። በጅማ ከዚህ የከበደው ግን የገለልተኛ ባለሙያ ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ ልዩ አዋቂዎች ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከምርምር ማዕከሉ ስለሚመጡና እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ፣ ስለ አንድ ባልደረባ ሥራ በግልጽ እንዲመሰክሩ መጠየቅ ከባድ ሸክም ነው፤ ከሌላ ከተማ ባለሙያ ማምጣት ደግሞ ለገበሬ ደንበኛ አቅም አይሆንም። ፍርድ ቤቶች ለዚህ የሚሆን የባለሙያዎች መዝገብ አዘጋጅተው ክፍያውንም በተመጣጣኝ መጠን ቢወስኑ ብዙ ጉዳይ ይቃና ነበር።

ቋንቋም የራሱ ድርሻ አለው። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የቤተ ሙከራ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ክርክሩ በአማርኛ ይሆናል። ጠበቃው ያንኑ የምርመራ ውጤት ትርጉሙ ሳይዛባ በሦስቱም ቋንቋ መግለጽ ይጠበቅበታል።

በፈቃድ ረገድ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች መቆም የሚፈልግ ጠበቃ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት ፈቃድ ያወጣል፤ ይኸው አዋጅ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩም ፈቅዷል። ይህ የሳይንስ መሠረት ላላቸው ጠበቆች ዕድል ነው፤ የግብርናው፣ የጤናውና የምህንድስናው ሰው በአንድ ቢሮ ሊሰባሰቡ ይችላሉና።

የመጨረሻ ፍርድ ያገኘ ጉዳይ የሚቀርብለት የሰበር ችሎት የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው፤ ማስረጃን እንደ አዲስ አይመዝንም። ስለዚህ የናሙናው አወሳሰድ፣ የምርመራው ዘዴና የልዩ አዋቂው መልስ በጅማው የመጀመሪያ ችሎት መዝገብ ውስጥ በሚገባ ካልገቡ፣ በኋላ በይግባኝና በሰበር የሚመጣ ጎበዝ ተከራካሪ ሊያቃናቸው የሚችልበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው።