«ለአቶ» ወይስ «ለወይዘሮ»? ጾታውን ለማናውቀው ኃላፊ ስንጽፍ

እዚህ ባሕር ዳር ማመልከቻ የምታስገቡ ልጆች ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ አንዴ ልጻፈው። ባለፈው አንዲት እህታችን «ለአቶ ደስታ» ብላ የጻፈችው ደብዳቤ የደረሰው ለሴት ኃላፊ ነው። ደስታ የወንድም የሴትም ስም ነውና በስም ብቻ አትገምቱ።

ማመልከቻ ለወንበሩ ይጻፋል። «ለሰው ሀብት ክፍል ኃላፊ፣ ባሕር ዳር» ካላችሁ በቂ ነው፤ ከሥሩ «ጉዳዩ፦ የሥራ ልምድ ማስረጃ ስለመጠየቅ» ይከተላል። ኃላፊ፣ ዳይሬክተር፣ ሥራ አስኪያጅ፣ ሰብሳቢ፣ ዶ/ር ለሁለቱም ጾታ ያገለግላሉ።

ዋናው መፍትሔ ግን አንቱታችን ነው። አንተና አንቺ ይለያሉ፤ «እርስዎ» አይለይም። ስለዚህ ኃላፊውን ወይም ኃላፊዋን «እንዲተባበሩኝ እጠይቃለሁ» በሉ። «እንዲተባበረኝ» ስትሉ ሰውየውን ወንድ አድርጋችሁታል፣ በዚያ ላይ አክብሮቱ ይጎድላል። «ለሚመለከተው ሁሉ» የተለመደ ነው፣ ስሕተት አልለውም፤ እኔ ግን «ለሚመለከታቸው ሁሉ» እመርጣለሁ።

ማስታወቂያ የምታወጡም ይህን አስቡበት። «አመልካቹ ማስረጃውን ይዞ ይቅረብ» የሚለውን ያነበበች ልጅ እኔን አይመለከትም ብላ ልታልፈው ትችላለች። «አመልካቾች ማስረጃቸውን ይዘው ይቅረቡ» ሲባል ማንም አይቀርም፤ ቃሉም አልረዘመም።

ከሰው ሰው የሚለያየው የማዕረጉ ነገር ነው። ወ/ሮ እና ወ/ሪት ትዳርን ስለሚጠቁሙ፣ የምትጽፉላትን ሴት የምታውቋት ከሆነ በምን መጠራት እንደምትፈልግ ጠይቋት። «ክቡር» እና «ክብርት»ም ጾታ ይለያሉ፤ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ተዉአቸው፣ የሥራ መደቡ ብቻውን ይበቃል።