የኢንተርቫል ስፖርት ምንድን ነው? ከጉበት ስብና ከደም ስኳርስ ምን አገናኘው?

ኢንተርቫል ማለት ባጭሩ ጨክኖ መሥራት፣ ትንፋሽ መሰብሰብ፣ ከዚያ ደግሞ መድገም ነው። በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ 4 በ4 የሚባለው ነው። ሰውነትን ካሟሟቁ በኋላ 4 ደቂቃ በኃይል፣ 3 ደቂቃ ቀስ ብሎ፣ ይህንኑ አራት ጊዜ። ሩጫም ብስክሌትም ይሆናል። «በኃይል» ሲባል የልብ ምት ከጣሪያው ከ85 እስከ 95 በመቶ ሲደርስ ነው። መለኪያ ከሌለዎት ለማውራት ይሞክሩ። ሁለት ሦስት ቃል ብለው ትንፋሽ ካጠረዎት ደርሰዋል። ወሬው ከቀጠለ ገና ነዎት።

አሁን ወደ ጉበት። ጉበት ሰባ የሚባለው ከሕዋሳቱ ከ5 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስብ ሲቋጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ አያምም። ለሌላ ጉዳይ በተነሣ አልትራሳውንድ ነው ድንገት የሚታየው። ስቡ ደግሞ ከቅባት ምግብ ብቻ አይመጣም። ጡንቻ አልቀበል ያለው ስኳር ጉበት ሄዶ ስብ ይሆናል። የሰባ ጉበት በተራው የደም ስኳርን የሚያወርደውን ሆርሞን፣ ኢንሱሊንን፣ አይሰማም፤ ደም ውስጥ ስኳር ሞልቶ እያለ እሱ ጨምሮ ይለቃል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይሄዳል።

ኢንተርቫል ይህን ዑደት የሚሰብረው ጡንቻ ላይ ነው። ከባዱ ሥራ ጡንቻ ያከማቸውን ስኳር ያራግፋል። የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊንም ከደም ስኳር ይስባል። ካረፈም በኋላ ጎተራው እስኪሞላ ኢንሱሊንን በደንብ ይሰማል። ይህ ግን የሚቆየው አንድ ሁለት ቀን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ራስን መግደል ብዙም የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ ሚዛኑ ባይነቃነቅም የጉበት ስብ ይቀንሳል። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት የሰባ ጉበት ያለባቸው ሰዎች ለ12 ሳምንት፣ በሳምንት 3 ጊዜ ብስክሌት ላይ ኢንተርቫል ሠሩ። የጉበታቸው ስብ ከ11 ወደ 8 በመቶ ገደማ ወረደ። የስኳር ቁጥጥራቸው ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ስለዚህ «ስኳርን ድራሹን ያጠፋል» ለሚሉ ቪዲዮዎች ጆሮ አይስጡ። ለጉበት ከሆነ ዘለግ ያለ ፈጣን እርምጃም የሚተናነስ ውጤት የለውም። የኢንተርቫል ትልቁ ትርፍ ጊዜ መቆጠቡና ልብን ማጠንከሩ ነው።

አንድ ነገር ብዙዎችን ያስደነግጣል። ላብዎን ጠርገው ወዲያው ቢለኩ፣ 140 የነበረው ስኳር 170 ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። መሣሪያው አልተበላሸም። ከባድ ሥራ ላይ ሰውነት የሚረጨው ሆርሞን፣ አድሬናሊን፣ ጉበትን «ስኳር ልቀቅ» ብሎት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ይወርዳል።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ክኒን ለሚወስድ ሰው ሥጋቱ ሌላ ነው። ስኳሩ ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት ተኝቶም ሳለ፣ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ልቡን የሚያመው ወይም ስኳር ዓይኑን የጎዳው ሰው ደግሞ መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር። 4 ደቂቃው ለጀማሪ ከበዛ 1 ደቂቃ ሠርቶ 2 ደቂቃ ማረፍም ኢንተርቫል ነው።