ያልታረሰው የአቅኚዎች መሬት፦ ጓሳ

አቅኚ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጫካ መንጥሮ ያረሰን ሰው ነው። መንዝ ላይ ግን እኔ የማደንቃቸው ሁለት አቅኚ አባቶች አሉ፤ የማደንቃቸውም ባላረሱት መሬት ነው። አስቦና ጌራ ይባላሉ። ሳያርሱ ለልጆቻቸው ያቆዩት መሬት ጓሳ ነው።

ጓሳ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ጣርማ በር ላይ ታጥፎ ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደው መንገድ በውስጡ ያልፋል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ብርዱ አይጣል ነው! ጋቢ ብቻ ይዞ የወጣ ሰው ከበግ ፀጉር የሚሠራው ወፍራሙ የመንዝ ባና ለምን እንደተሠራ ሊነጋጋ ሲል ይገባዋል።

ስሙ የሣሩ ስም ነው። ጓሳ ረጅምና ጠንካራ ሣር ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛ ለዝናብ የሚደርበው ገሳም ይሠራበታል። ማገዶው አስታ ከሚባለው ቁጥቋጦ ይለቀማል፣ ከብቱም በክፉ ቀን እዚያው ይሰማራል። ሁሉም የሚፈልገው ነገር ደግሞ ቶሎ ያልቃል።

መፍትሔው ቄሮ የሚባል የጋራ መሬት መጠበቂያ ሥርዓት ነበር። (በቅርብ ዓመታት በዜና ከሰማነው ቄሮ ጋር አይምታታባችሁ።) ሥርዓቱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። መሬቱ ለአስቦና ለጌራ ዘሮች ተከፈለ፤ ድንበሩ በፈረስ ግልቢያ ተለየ የሚል አፈ ታሪክም አለ። የአቅኚ አባቶቹ ተወላጆች አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። እሱም ጓሳን ይዘጋል። ሲዘጋ ደግሞ ለወራት ብቻ አይደለም፤ ሣሩ እስኪጠና ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይቆያል። እስከዚያ ማጨድም ማሰማራትም ክልክል ነው። የአጥቢያው ወንዶች በየተራ እየወጡ ይጠብቃሉ፤ ተራውን ያጎደለም ይቀጣል። ሲከፈት ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። እኔን የሚገርመኝ ትዕግሥቱ ነው። ጣሪያው እያፈሰሰ፣ ሣሩን በዓይኑ እያየ አምስት ዓመት የሚጠብቅ ስንቱ ነው?

ቄሮ የቆመው በርስት ላይ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ የአባ ቄራ ሥልጣንም አብሮ ቀረ። የአዋጁን ፍትሕ አልክድም፤ በቄሮ ጊዜ የአቅኚ ዘር ያልሆነ ሰው ድርሻ አልነበረውም። ጓሳ ግን ጠባቂ አጣ፤ ያገኘ ሁሉ ያጭድ፣ ያሰማራ ጀመር። ኋላ ላይ ኅብረተሰቡ ራሱ ተሰባስቦ ከየቀበሌው በተወከሉ ሰዎች የጓሳ ኮሚቴን አቋቋመ፤ የድሮውን ክልከላ በአዲስ ደንብ መለሰው። ቆይቶም የክልሉ መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አወቀው። የቄሮን አሠራር ለዓለም ካስተዋወቁት ተመራማሪዎች አንዱ ዶክተር ዘላለም ተፈራ ናቸው።

እንግዲህ አስቦና ጌራ ለቀይ ቀበሮ ተጨንቀው ነው ብዬ አላሞግሳቸውም። የተጨነቁት ለጣሪያቸውና ለከብታቸው ነው። ግን ሣሩ ሲተርፍ አይጡ ተረፈ፤ አይጡ ሲተርፍ ቀበሮው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ብቻ ናቸው፤ ጥቂቶቹ እዚህ ይኖራሉ። ጅብራ በሚባለው ረጅም የደጋ ተክል መሃል ሰስ የምትባለው ትንሽ የዱር እንስሳ ትታያለች፣ የአንኮበር ወፍም አለች።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የቀበሮውና ጭላዳ የሚባለው ሣር በል ዝንጀሮ ጉርብትና ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ቀበሮዎቹን ተከታትሎ ነበር። ቀበሮው ብቻውን ሲያድን አይጥ የሚይዘው ከመቶ ሙከራ በ25ቱ ነው፤ ጭላዳዎቹ መሃል ሲሆን በ67ቱ። ስለዚህ ቀስ ብሎ ይገባና፣ ግልገሎቻቸውን ሳይነካ፣ አጠገባቸው አይጡን ያድናል። ጭላዳዎቹም ሣራቸውን እየነጩ ዝም ይሉታል።