«ንብ አበባውን ሳትጎዳ»፦ የመነኮሳቱ አባባል ከየት መጣ?

«ንብ የአበባውን ቀለምና መዓዛ ሳትጎዳ ጣፋጩን ቀስማ እንደምትሄድ፣ ጠቢብም በመንደር ውስጥ እንዲሁ ይመላለስ።»

አባባሉ ዳማፓዳ ከሚባለው የቡድሂስቶች ጥንታዊ መድበል 423 ስንኞች 49ኛው ነው። የተነገረውም ምግቡን ከሰው እጅ ለሚቀበል መነኩሴ ነው። ከየቤቱ ጥቂት ጥቂት ውሰድ፤ ማንንም አታስጨንቅ፤ የሰጠህ ሰው ምንም ሳይጎድልበት ይዋል ማለት ነው።

ይህን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ላኦስ፣ ሉዋንግ ፕራባንግ ይሂድ። የሜኮንግና የናም ካን ወንዞች የሚገናኙባት፣ ዩኔስኮ በ1995 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገባት ከተማ ናት። ጎህ ሲቀድ መነኮሳቱ ብርቱካናማ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በባዶ እግራቸው ተሰልፈው ይወጣሉ። ትልልቆቹ ከፊት፣ ታዳጊዎቹ ከኋላ ናቸው። ሰጪዎቹ ጫማቸውን አውልቀው መንገድ ዳር ይጠብቋቸዋል። እኔ ዓይኔ ያረፈው አንዲት አሮጊት እጅ ላይ ነበር። ከቀርከሃ ሙዳይዋ የሚጣበቀውን ሩዝ ትቆነጥራለች፣ ድቡልቡል ታደርጋለች፣ መነኩሴው በያዘው ሳህን ውስጥ ጣል ታደርጋለች። ማን እንደተቀበላት ቀና ብላ አታይም። መነኩሴውም ቃል አይተነፍስም።

የእኛ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅ ይቆማል። የእነሱ ሥርዓት ግን መነኩሴው አፍ አውጥቶ እንዲጠይቅ አይፈቅድም። ሳህኑን ይዞ ያልፋል፣ የወደደ ይሰጠዋል። ያገኘውንም ከቀትር በፊት ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ምግብ የለም። መንገዱ ዳር ቅርጫት ይዘው የሚንበረከኩ የድሃ ልጆች አሉ፤ መነኮሳቱ ከተቀበሉት ላይ እያነሱ ለእነሱ ይሰጣሉ። ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ይሄ ነው።

የአባባሉ መነሻ ተብሎ የሚተረከው ታሪክ ደግሞ ስለ አንድ ቋጣሪ ሀብታም ነው። ኮሲያ ይባላል። አንድ ቀን ጣፋጭ ቂጣ አማረው። ሰው እንዳያይበት ብሎ ሚስቱን ይዞ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ወጣና በሩን ሁሉ ቀረቀረ። የቡድሃ ደቀ መዝሙር ሞጋላና ግን በመስኮቱ በኩል አየር ላይ ቆሞ ታየ። ኮሲያ «ትንሽዬ ጋግሪና ይሂድልን» አለ። ሊጡ አብጦ ምጣዱን ሞላ። ደግመው ቢጋግሩም ያው። ከቅርጫቱ አንዱን ላንሳ ሲሉ ቂጣዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እምቢ አሉ። በመጨረሻ ኮሲያ ቅርጫቱን እንዳለ ሰጠ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ለጋስ ሆነ። ቡድሃ ሞጋላናን ያመሰገነው በዚያ በንቧ አባባል ነው ይባላል። ሰውየው ፍዳውን ካየ በኋላ «ሳይጎዳ» መባሉ ግራ ሊያጋባ ይችላል። ግን ሞጋላና አልተቆጣም፣ አልነጠቀም፣ አልሰደበም። ኮሲያ የሰጠው ራሱ ነው።

ለእኔ አባባሉ ዛሬ የሚያስፈልገው ከመነኩሴው ይልቅ ለመንገደኛው ነው። ፎቶ አንሺው ፍላሹን እያበራ ሰልፉን ሰንጥቆ ሲገባ፣ ስልኩን አንድ ታዳጊ ፊት ላይ ሲደቅን አይቻለሁ። በጣም ያሳዝናል። ያ ሰዓት የሰዎቹ ጸሎት ነው። ከመንገዱ ማዶ ቁሙ። ትከሻችሁንና ጉልበታችሁን ሸፍኑ። ድምፅ አታሰሙ። የማታምኑበት ከሆነ ማየቱ ይበቃል። ከልባችሁ መስጠት ከፈለጋችሁ ግን መንገድ ዳር ለቱሪስት የሚሸጠውን ከመግዛት፣ ያረፋችሁበትን ቤት ባለቤት ትኩስ ሩዝ እንዲያበስልላችሁ ማታውኑ ጠይቁት።