ከአሸዋ ውስጥ መኪና ማውጣት፦ የሊዋ በረሃ ልምድ

ሩብ አል ኻሊ በሳዑዲ ዐረቢያ፣ በኦማን፣ በየመንና በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ውስጥ የተዘረጋ፣ ወደ 650,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚገመት የአሸዋ በረሃ ነው። በሰሜን ጠርዙ፣ በአቡ ዳቢ ግዛት፣ የሊዋ የተምር መንደሮች ይገኛሉ፤ ከእነርሱ በስተደቡብ ቁመቱ ወደ 300 ሜትር የሚጠጋው የሞሪብ የአሸዋ ኮረብታ ቆሟል። ሙቀቱ በሚበርድባቸው ወራት ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪኖች ወደዚህ ይጎርፋሉ። መቀርቀር የጉዞው አካል ነው። አደጋ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በመቀርቀሩ ሳይሆን በአወጣጡ ነው።

የክረምት ጭቃ የለመደ የአገራችን ሹፌር ጎማ ሥር ድንጋይና ቅጠል ወሽቆ ነዳጅ ይረግጣል። እዚህ ድንጋይም ቅጠልም የለም፤ ነዳጅ መርገጡም ጉዳት ነው። ደረቁ አሸዋ ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ወደ ኋላ ይወረወራል፣ ጉድጓዱም ይጠልቃል። በመጨረሻ ሻንሲው አሸዋው ላይ ይተኛል፤ ክብደቱን ጎማዎቹ ስለማይሸከሙት የሞተሩ ጉልበት ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ መኪናው ወደ ፊት መሄዱን እንዳቆመ እግርን ከነዳጁ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ለብዙ ሰው ከቁፋሮው ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው።

ቀጥሎ የጎማ ንፋስ ነው። አስፋልት ላይ 35 ፒ.ኤስ.አይ. (የንፋስ ግፊት መለኪያ) የነበረው ጎማ አሸዋ ሲገባ ወደ 15 ይወርዳል፤ ሲቀረቀር 12 አካባቢ ማድረስ ይቻላል። የላላ ጎማ መሬት የሚነካበት ገጽ ይረዝማል፣ ክብደቱም ይሰራጫል። ከ10 በታች ከወረደ ግን በመጠምዘዣ ላይ ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ እንግሊዛዊው መኮንን ራልፍ ባግኖልድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በፎርድ መኪኖች የግብፅን ታላቅ የአሸዋ ባሕር ሲያቋርጥ ንፋስ ማጉደልንና ጎማ ሥር የሚነጠፍ የብረት መረማመጃን ይጠቀም ነበር። ዛሬ መረማመጃው ከብረት ይልቅ ከፕላስቲክ ይሠራል።

ከዚያ በአካፋ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ፣ ከሆዱም ሥር ያለው አሸዋ ይጠረጋል። መሪው ቀጥ ብሎ፣ በመጣበት ዱካ ወደ ኋላ መውጣት ይመረጣል፤ ያ አሸዋ አንድ ጊዜ ተረግጦ ጠንክሯል። መኪናው በኮረብታ ጎን ካጋደለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ነፋስ የማይመታው ገጽ በ34 ዲግሪ ገደማ ስለሚያዘነብል አሸዋው በቀላሉ ይንሸራተታል። ተሳፋሪዎች በላይኛው በር ይወርዳሉ፤ የሚቆፈረውም በላይኞቹ ጎማዎች ሥር ነው፤ እነርሱ ዝቅ ሲሉ መኪናው ይስተካከላል። የታችኞቹን መቆፈር መኪናውን መገልበጥ ነው።

በሌላ መኪና በገመድ መጎተት የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት። ለዚህ ተብሎ የተሠራው የናይለን ገመድ ከርዝመቱ 20 በመቶና ከዚያም በላይ እየተለጠጠ ኃይል ያጠራቅማል፤ ሲለቀው የተቀበረውን መኪና ነቅሎ ያወጣል። የታሰረበት ነገር ከተሰበረ ያው ኃይል ብረቱን እንደ ጥይት ይወረውረዋል። ተጎታች የሚያያዝበት ክብ ብረት ለዚህ ጭነት አልተሠራም፤ እዚያ ላይ ገመድ ማሰር ሰው ገድሏል። መያዣው ከሻንሲው ጋር የተበየደ ወይም በብሎን የታሰረ መጎተቻ መሆን አለበት። ገመዱ ላይ ከባድ ብርድ ልብስ ይጣላል፤ ቢበጠስ ግርፋቱን ያቀዘቅዛል። ተመልካቾች ቢያንስ ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ርቀው፣ በጎን በኩል ይቆማሉ። የማይለጠጥ የብረት ካቦ ወይም ሰንሰለት አስሮ በሩጫ መንጠቅ ፈጽሞ አይፈቀድም።

ወደ አስፋልት ከመመለስ በፊት ጎማዎቹ ይሞላሉ። በጎደለ ንፋስ በፍጥነት የሚሄድ ጎማ ግሎ ይፈነዳል፤ ስለዚህ ልምድ ያላቸው አሽከርካሪዎች ትንሽ ኮምፕሬሰር ይዘው ይወጣሉ፣ የአሸዋው ዳር ላይ ቆመውም አራቱን በተራ ይሞላሉ።