ባዮፕሲው (ከሰውነት ተወስዶ የሚመረመረው ናሙና) «ግራኑሎማ» ካለ ቲቢ ነው ማለት ነው?

ጥያቄው እየተደጋገመ ስለሆነ በቀላሉ ላስረዳ።

ግራኑሎማ የበሽታ ስም አይደለም። የሰውነት መከላከያ ሴሎች ማስወገድ ያቃታቸውን ነገር ከበው ሲሰባሰቡ የሚፈጠር ጉብታ ነው። እኛ አገር ቀድሞ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፤ ተገቢም ነው። ግን ፈንገስም፣ ሰውነት ውስጥ የቀረ ባዕድ ነገርም፣ ሳርኮይዶሲስ የሚባለው ብዙ ሰው የማያውቀው በሽታም ያመጡታል።

አንዲት ሴት አንገቷ ላይ ንፍፊት አበጠባት እንበል። ናሙናው ሲታይ የግራኑሎማው መሃል ሞቶ እንደ አይብ ከተፈረፈረ ነገሩ ወደ ቲቢ ያደላል። መሃሉ ካልሞተ ሳርኮይዶሲስም ይታሰባል። «ያደላል» ነው ያልኩት! ዚል ኒልሰን በሚባለው ቀለም ባክቴሪያው አለመታየቱ ቲቢን ነጻ አያወጣውም፤ ቲሹ ውስጥ ቁጥሩ በጣም ጥቂት ሊሆን ይችላል። ሳርኮይዶሲስም በማይክሮስኮፕ ብቻ አይረጋገጥም። ምልክቶቹና የደረት ምርመራው መግጠም፣ ሌሎቹ ምክንያቶችም መጣራት አለባቸው።

ሐኪሙ የሚያመነታው ወዶ አይደለም። የሳርኮይዶሲስ ዋና መድኃኒት የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመው ስቴሮይድ ነው። ቲቢ ላለበት ሰው ያለ ቲቢ መድኃኒት ከተሰጠ ግን በሽታውን ሊያባብሰው ይችላል።

ውጤቱ ስንት ቀን እንደሚፈጅና የትኞቹ ምርመራዎች እንደሚሠሩ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያያል። ናሙናው በሙሉ ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበላሽ የሚያቆይ፣ ባክቴሪያን ግን የሚገድል ኬሚካል) ውስጥ ከገባ ግን የትም ቢሆን ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ መለየት) አይሠራለትም። ስለዚህ ናሙናው ከመወሰዱ በፊት «ለካልቸርና ለጂን ኤክስፐርት የሚሆን ይቀመጣል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጂን ኤክስፐርት የቲቢ ባክቴሪያን ዘረመል የሚፈልግ ምርመራ ነው።